ብዥታው ነው ሥዕሉ

ሠርግ ላይ ፎቶ ብዥ ካለ ገንዘብ ይመለሳል። ይህን ያልተረዳ ፎቶ አንሺ አርባ ምንጭ ውስጥ ብዙ አይቆይም። የሙሽራዋ ሽፋሽፍት አንድ በአንድ መለየት አለበት፤ የሚዜዎቹ የክራባት ቋጠሮ መታየት አለበት፤ የእናትየዋ እንባ ጉንጯ ላይ ከወረደ ጠብታው ራሱ ጥርት ብሎ መውጣት አለበት። የሱቅ ኪራዬን የሚከፍልልኝም፣ የሌንሴን ዕዳ ያወረደልኝም ጥርት ያለ ፎቶ ነው። ስለዚህ ዛሬ ለብዥታ ጥብቅና ስቆም «ፎከስ ማድረግ አቅቷት ነው» የሚል ካለ ሱቄ መጥቶ አልበሞቼን ያገላብጥ።

የምለው ይህን ነው። በሌሊት የሚበሩ ነፍሳትን ፎቶ አንስቶ የጥበብ ሥራ ነው ብሎ ግድግዳ ላይ መስቀል የሚፈልግ ሰው ሻተሩን ቶሎ አይዝጋ። ክንፍን አየር ላይ ቀጥ አድርጎ ማስቆም ከባድ ሙያ ነው፤ ለሚችሉበት እጅ እነሳለሁ። ግን እንዲያ ያለው ፎቶ የሚያሳየን የፍጥረቱን መልክ ነው። ከየት እንደመጣ፣ የት ላይ እንደታጠፈ፣ አምፖሉ ምን እንዳደረገው የምናየው ዱካውን ስናይ ነው። መልኩንማ ሞቶ መርፌ ላይ ተሰክቶም ማየት ይቻላል። በረራውን ግን ሞቶ አይነግረንም።

አንድ የቡድን ኤግዚቢሽን አዘጋጅ ሥራ ላኪ ብሎኝ እኔ ራሴ ካነሳኋቸው እንዲህ ያሉ ዱካዎች መርጬ ላክሁለት። በማግሥቱ ደወለ። «እህቴ፣ ሥራዎችሽ ደስ ይላሉ። ግን እነዚህ ተንቀሳቅሰዋል፤ ጥርት ያሉት ካሉሽ እነሱን ላኪልን» አለኝ። ተንቀሳቅሰዋል! በራሪ እኮ ነው፤ ምን ያድርግ? ከዚያ ወዲህ ነው ይህን ጽሑፍ በልቤ ስጽፍ የከረምኩት።

አርባ ምንጭ፣ ሴቻ በሚባለው የከተማው ክፍል፣ ከገደሉ አፋፍ፣ ጫካውና የአባያና የጫሞ ሐይቆች ወለል ብለው የሚታዩበት አንድ የእንግዳ ማረፊያ አለ። ከጓሮው በረንዳ ላይ ሲበራ የሚያጉረመርም አሮጌ ፍሎረሰንት ተሰቅሏል። ባለቤቶቹ የቀሩትን መብራቶች ሁሉ በኤልኢዲ ሲቀይሩ ያንን ብቻ ረስተውታል፤ እኔም አላስታወስኳቸውም። ካሜራዬን ትራይፖድ ላይ አቁሜ ወደ ጨለማው፣ ወደ ገደሉ በኩል አዞረዋለሁ፤ መብራቱ ከጎን ይሆናል እንጂ ፍሬም ውስጥ አይገባም። ሻተሩን ለግማሽ ሴኮንድ፣ አንዳንዴም ለሁለት ሴኮንድ ከፍቼ እተወዋለሁ። ጨለማው ጥቁር ሆኖ ይቀራል፤ በዚያ መሃል የሚያልፈው ፍጥረት ብቻ ብርሃን እየመለሰ መንገዱን ራሱ ይስላል።

መንገዱ ግን ዝም ብሎ መስመር እንዳይመስላችሁ። ክንፉ ወደ ላይ ሲወጣና ወደ ታች ሲመታ በሁለቱም ጎን ማዕበል ይሠራል፤ ጠርዙ እንደ ነጠላ ጥለት ተደጋግሞ ይሄዳል። ሌላም ነገር አለ፤ እኔ በጣም የምወደው እሱን ነው። የአገራችን መብራት በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ከረንት ነው። የድሮው ዓይነት ባላስት ያለው ፍሎረሰንት ደግሞ በአንድ ምልልስ ሁለቴ ይደምቃል፣ ሁለቴ ይደበዝዛል፤ በሴኮንድ 100 ጊዜ ማለት ነው። ዓይናችን ይህን አይለይም። ፎቶው ላይ ግን ዱካው የተቆራረጠ፣ ነጠብጣብ ያለበት ሆኖ ይወጣል። በሁለት ነጥቦች መካከል ያለው ክፍተት የሴኮንድ አንድ መቶኛ ነው። አንዱ የእሳት እራት በሴኮንድ 3 ሜትር ቢበር ከነጥብ እስከ ነጥብ 3 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል፤ ሲፈጥን ነጥቦቹ ይራራቃሉ፣ ሲያመነታ ይጠጋጋሉ። ክንፉን በሴኮንድ 25 ጊዜ ያህል የሚመታ ትልቅ የእሳት እራት ከሆነ በአንድ ምት አራት ነጥብ እቆጥራለሁ። ትንኝ ሲሆን አይቻልም፤ በሴኮንድ ከ400 ጊዜ በላይ ስለሚመታ ማዕበሉ ተጠጋግቶ አንድ ስስ ሪባን ይሆናል። መብራት ጠፍቶ ጀነሬተር ሲነሳ ደግሞ ሌላ ነው። ሞተሩ ሲደክም ምልልሱ ይቀንሳል፣ ነጥቦቹም አብረው ይሳሳሉ። ፎቶውን አይቼ የትኛው በመንግሥት መብራት፣ የትኛው በናፍጣ እንደተነሳ መለየት ለምጃለሁ።

እንግዲህ ያ አዘጋጅ «ተንቀሳቅሷል» ብሎ የመለሰው ፎቶ ውስጥ ሰዓት አለ፣ ፍጥነት አለ፣ የኤሌክትሪክ ኃይላችን የልብ ትርታ ሳይቀር አለ። ጥርት ያለው ውስጥ ይህ ሁሉ የለም።

የግቢው ዘበኛ፣ ጋሼ የምላቸው ሽማግሌ፣ መጀመሪያ ሰሞን ከሩቅ ያዩኝ ነበር። አንድ ማታ ወንበራቸውን ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ የእሳት እራት ፎቶ ማን ይገዛሻል?»

«እስካሁን ማንም አልገዛኝም ጋሼ።»

«አሳዪኝ እስቲ።»

ስክሪኑን አዞርኩላቸው። መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ በጣታቸው እያመለከቱ «ይሄኛው ሰክሯል። ይሄም ሰክሯል። ይቺኛዋ ግን መንገዷን ታውቃለች፤ ቀጥ ብላ አለፈች» አሉኝ። ምን ዓይነት ነፍሳት እንደሆነ አልጠየቁም፣ ለምን ጥርት አላለም አላሉም። ዱካውን እንደ ዱካ አነበቡት። ከዚያ ማታ ጀምሮ የትኛው ፎቶ እንደሚቀር ሲያከራክረኝ የምጠይቀው እሳቸውን ነው።

የነፍሳትን በረራ የመቅረጽ ታሪክ ራሱ የጀመረው ከዱካው ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ፈረንሳዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ኤቲየን ዡል ማሬ በ1860ዎቹ የክንፍን እንቅስቃሴ ለማወቅ ሲፈልግ የተርብ ክንፍ ጫፍ ላይ ቁራጭ የወርቅ ቅጠል ለጠፈ። ተርቧ ክንፏን ስታርገበግብ በጥቁር መደብ ላይ ወርቁ የ8 ቁጥር ቅርጽ እየሳለ ታየ። ያኔ በራሪ ነፍሳትን አየር ላይ የሚያቆም ካሜራ አልነበረም፤ የነበረው ወርቅ፣ ብርሃንና ጨለማ ነው። እኔ አርባ ምንጭ ላይ የምሠራውም ወርቁ ሲቀነስ ያንኑ ነው።

ማስቆሙ የመጣው በኋላ ነው። የማሬ ረዳት የነበረው፣ ደብሊን ተወልዶ ፓሪስ የሠራው ሉሲየን ቡል በ1904 በኤሌክትሪክ ብልጭታ የበራሪ ነፍሳትን ተከታታይ ሥዕሎች አነሳ። ከዚያ ብዙ ዘመን አልፎ እንግሊዛዊው ስቲቨን ዳልተን መጣ። የዳልተን ችግር ለማንኛውም ፎቶ አንሺ ይገባዋል። ፍጥረቱን አይተሽ ጣትሽ እስኪታዘዝ ድረስ አንድ አምስተኛ ሴኮንድ ያህል ያልፋል፤ በዚያች ቅጽበት በራሪው ከፍሬሙ ወጥቷል። ሻተሩም ቢሆን ለመከፈት የራሱን ጊዜ ይወስዳል። ዳልተን ነፍሳቱ ራሳቸው የብርሃን ጨረር ሲያቋርጡ የሚነሳ ካሜራ፣ ከተለመደው የፈጠነ ሻተርና ከሃያ ሺህኛ ሴኮንድ ያነሰ ብልጭታ አሠርቶ በ1975 መጽሐፉን አወጣ። ያየው ሰው ሁሉ አፉን ይዞ ቀረ። ከእሱ ፎቶዎች አንዱ፣ አበባ አጠገብ የሚበር ነፍሳት፣ በ1977 ቮዬጀር መንኮራኩሮች ይዘውት በሄዱት የወርቅ ሸክላ ላይ ከተቀረጹት ከመቶ በላይ ሥዕሎች ተራ ገብቶ ዛሬ በከዋክብት መካከል ባለው ጠፈር እየተጓዘ ነው። የነፍሳት ፎቶ ከዚህ በላይ ክብር የሚያገኝ አይመስለኝም።

ግን እስቲ አስቡት። ያ ፎቶ ባዕድ ፍጥረት እጅ ቢገባ፣ ነፍሳቱ አየር ላይ ተንጠልጥሎ የሚኖር ነገር ነው ብሎ ቢደመድም ምን ይፈረድበታል? እንቅስቃሴው ተወስዷል። ዳልተን የፈለገው መልኩን ነበር፣ መልኩን አገኘ፤ በዚህ ቅር አልሰኝም። ቅር የምሰኘው ከእሱ ወዲህ በራሪ ነፍሳት ማለት የቆመ ክንፍ ማለት ብቻ ሆኖ መቅረቱ ነው። ዛሬ ተራ ፍላሽ እንኳ ኃይሉ ዝቅ ሲደረግ የአሥር ሺህኛ ሴኮንድ ብልጭታ ይሰጣል። ያኔ ተአምር የነበረው አሁን የመቼት ጉዳይ ነው። ተአምሩ ሲረክስ ደግሞ የውድድር ዳኞች ዓይን እሱን ብቻ ይለምዳል።

ከሁሉም በላይ የምቀናበት የሌሊት በረራ ፎቶ የተነሳው በአርቲስት እጅ አይደለም። ኬኔት ሮደር የሚባል፣ ማሳቹሴትስ በሚገኘው ተፍትስ ዩኒቨርሲቲ የነበረ የነፍሳት ተመራማሪ፣ የእሳት እራቶች የሌሊት ወፍን ድምፅ ሲሰሙ ምን እንደሚያደርጉ ለማወቅ ከቤት ውጭ ኃይለኛ መብራት ተከለ። እራቶቹ በብርሃኑ ውስጥ ሲያልፉ የካሜራውን ሻተር ከፍቶ፣ ለሰው ጆሮ የማይሰማውን የሌሊት ወፍ ዓይነት ድምፅ በማሽን ለቀቀባቸው። ውጤቱን በ1962 አሳተመ። ፎቶዎቹ ላይ የሚታየው ነጭ ክር ብቻ ነው፤ ክሩ በሰላም ይመጣል፣ ድምፁ ሲደርስበት ተጠማዝዞ ይጠቀለላል፣ ወይም እንደ ተቆረጠ ወደ መሬት ይወድቃል። የእንስሳው ቅርጽ የለም፣ ክንፍ የለም፣ ዓይን የለም። ፍርሃቱ ግን ያለ ምንም ቃል ይታያል። አንዱም ጥርት አላለም።

ሳይንቲስቱ አርቲስት ነኝ አላለም፤ ሥራው ግን ያው ነው። ሃሮልድ ኤጀርተንም እንዲሁ ነበር። የወተት ጠብታ ስትፈነጥቅ፣ ጥይት ፖም ሲበሳ በብልጭታ ያነሳ የኤም አይ ቲ መሐንዲስ ነው፤ ሥራው በ1937 ኒው ዮርክ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ባዘጋጀው ትልቅ የፎቶግራፍ ኤግዚቢሽን ላይ ቀርቧል፤ እሱ ግን ዕድሜውን ሙሉ መሐንዲስ ነኝ እንዳለ ነው የሞተው። አንዱ ሳያስበው ያስቆመውን ግድግዳ ላይ ከሰቀልን፣ ሌላው ሳያስበው ያስጠመዘዘውን ለምን መጽሔት ውስጥ ቀብረን እንተወዋለን?

አሁን ወደ ስካሩ ልመለስ። ጋሼ ሰክሯል ያሉት ዱካ መብራቱን ሲዞር፣ ወይም ሽቅብ ቆሞ ወደ ኋላ ሲንሸራተት፣ ወይም ተገልብጦ ሲወድቅ የሚታየው ነው። ነፍሳት ወደ ብርሃን የሚሄዱት ለምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ፣ አምፖሉን ጨረቃ መስሏቸው ነው የሚለው መልስ ለብዙ ዘመን ይነገር ነበር። በ2024 መጀመሪያ ላይ ከለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅና ከፍሎሪዳ ኢንተርናሽናል ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች በቤተ ሙከራና በኮስታ ሪካ ጫካ በፈጣን ካሜራ ቀርጸው ሌላ መልስ አወጡ። በተፈጥሮ ሌሊት ሰማዩ ከምድሩ ይደምቃል። በራሪ ነፍሳት ጀርባቸውን ወደሚደምቀው በኩል በማዞር ላይና ታችን ይለያሉ። አምፖል ሲበራ የሚደምቀው ጎን ይቀየራል፤ እነሱም ጀርባቸውን ለአምፖሉ ይሰጣሉ። ከጎኑ የሚያልፈው ሳያስበው ዞሮ ዞሮ ይከበዋል፤ ከሥሩ የሚያልፈው ሽቅብ ይነሳና ፍጥነቱን ያጣል፤ ከበላዩ የሚያልፈው ተገልብጦ ይከሰከሳል። ሁሉም ዝርያ እንዲህ አይሆንም፤ ብዙዎቹ ግን ይሆናሉ። ሮደር በድምፅ እንዳስጠመዘዛቸው እኛ በብርሃን እናስጠመዝዛቸዋለን ማለት ነው።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ፎቶዎቼን የማይበት ዓይን ተለወጠ። የበረንዳው ፎቶ የእሳት እራት ፎቶ ብቻ አይደለም ለካ፤ የፍሎረሰንቱም ፎቶ ነው። መስመሩን ያጠፈው እሱ ነው። ጥርት ያለው ፎቶ ይህን ይደብቃል። ክንፏን ዘርግታ አየር ላይ የቆመች፣ ውብ፣ ነፃ የምትመስል እራት እናያለን፤ በዚያች ቅጽበት ላይና ታቹ የጠፋባት መሆኑ አይታየንም። እንደ እኔ ከሆነ እዚህ ላይ ነው ብዥታው ከጥራቱ የበለጠ እውነተኛ የሚሆነው። መብራቱ ምን እንዳደረገ ይመሰክራል።

ታዲያ ካወቅሽ ለምን አትተዪውም የሚለኝ አይጠፋም፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። አሮጌውን ፍሎረሰንት ያበራሁት እኔ አይደለሁም፣ ሌሊቱን ሙሉ ለእንግዳ ይበራል። ለፎቶ ብዬ ሌላ አምፖል አልጨምርም። የዚህ ወቅት መብራት ደግሞ የእኔ በረንዳ ብቻ አይደለም። በየከተማው በኮሪደር ልማት የተተከሉትን የመንገድ መብራቶች ተመልከቱ፤ ዛፉ ላይ የተጠቀለለውን፣ ሳሩ ውስጥ የተቀበረውን፣ ሽቅብ የሚያበራውን። ለእግረኛ ጥሩ ነው፤ እኔም ማታ ስመለስ ደስ ብሎኝ ነው የማልፍበት። ሽቅብ የሚያበራው ግን ሥራው በእግረኛው የሚያበቃ አይመስለኝም። ከበላዩ የሚያልፍ ነፍሳት ሰማዩ ከሥሩ የሆነ ያህል ይሰማዋል። ይህን በቁጥር ለማሳመን ብዙ ወረቀት ያስፈልጋል፤ በአንድ ትልቅ ፎቶ ግን ይታያል። በነገራችን ላይ አዲሶቹ ኤልኢዲዎች ጥሩ ዓይነት ከሆኑ አይርገበገቡም፣ ስለዚህ ነጥቦቹ ይጠፋሉ፤ ዱካው ልሙጥ ይሆናል። ለከተማው መልካም፣ ለእኔ ኪሳራ።

መብራት የሌለበት ዱካም አለኝ፤ ሰዎች እንዲያዩት የምፈልገው ከበረንዳው ጎን ለጎን ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከሙዝና ከማንጎው መካከል የፓፓያ ዛፎች ያሉበት የዘመዶቼ ማሳ ውስጥ። ፓፓያ ወንዱና ሴቷ ብዙውን ጊዜ በተለያየ ዛፍ ላይ ናቸው፤ የአበባ ብናኙን የሚያደርስ መልእክተኛ ያስፈልጋል። ኬንያዊው የነፍሳት ተመራማሪ ዲኖ ማርቲንስ ከባልደረባው ጋር በ2009 ባሳተመው ጥናት በኬንያ ገጠር ይህን ሥራ የሚሠሩት በምሽት የሚመጡት ትልልቅ የእሳት እራቶች መሆናቸውን አሳይቷል። እኔም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ ሊጠቁር ሲል፣ ጠብቄያቸዋለሁ። እጅጌ ረጅም ልብስ፣ እግር ድረስ ሱሪ፤ ቆላ ነው፣ ወባ አለ፣ የጥበብ ፍቅር ከቢምቢ አያድንም። ደብዘዝ ያለ ቀይ ባትሪ ከሩቅ አስቀምጣለሁ፤ ቀይ ብርሃን ለብዙዎቹ ነፍሳት እምብዛም አይታያቸውም። ሌላውን ቀለም ግን ያያሉ፤ የስዊድን ተመራማሪዎች በ2002 እንዳሳተሙት አንዱ የእሳት እራት ዝርያ በከዋክብት ብርሃን ብቻ ቀለም ይለያል። እኛ ያለ ባትሪ ቀዩን ቲማቲም ከአረንጓዴው ለመለየት በምንቸገርበት ሰዓት!

የፓፓያው ዱካ ሌላ ነው። መዞር የለም። መስመሩ ከጨለማው ቀጥ ብሎ ይመጣል፣ አበባው ፊት ቆሞ ጭጋግ የመሰለ ክብ ይሠራል፤ እዚያ ክንፉን እያርገበገበ ጠጥቷል። ከዚያ ወደሚቀጥለው አበባ በአጭሩ ይታጠፋል። ለጋሼ ሳሳያቸው «ይሄ ገበያ ወጥቶ ዕቃውን ገዝቶ የሚመለስ ሰው ነው» አሉ። በረንዳው ላይ የሰከረውና ማሳው ውስጥ ሥራውን የሚሠራው አንድ ዓይነት ፍጥረት መሆኑን ያለ መግለጫ የሚያሳይ ነገር ቢኖር እነዚህ ሁለት መስመሮች ጎን ለጎን ሲሰቀሉ ነው።

«ግን እኮ ተባይ ነው» የሚሉኝም አሉ፤ በተለይ ገበሬ ዘመዶቼ። እውነታቸውን ነው። በ2017 አገራችን የገባው መጤ ተምች በቆሏችንን ሲጨርስ አይተናል። ተምች ስንል ሁላችንም የምናስበው ቅጠል የሚበላውን ትል ነው። ያ ትል ግን ከማሳ ማሳ፣ ከአገር አገር የሚሻገረው አድጎ ክንፍ አውጥቶ፣ ግራጫ የእሳት እራት ሆኖ፣ በሌሊት በነፋስ ላይ ነው። ጉዳቱን እናውቃለን፣ መንገዱን አይተነው አናውቅም። የስኳር ድንች ቅጠል የሚበላው ወፍራም አባጨጓሬም ሲያድግ ያ ትልቁ፣ እንደ ወፍ የሚያርገበግበው የእሳት እራት ነው። ፎቶዬ ማሳ አያድንም፤ ይህን የሚል ነጋዴ ይሁን። ግን ጠላትህን ስትጠላ እንኳ ሲበር ምን እንደሚመስል ማየት ምን ይጎዳል?

ሌሊት የሚበር ነገር እኛ አካባቢ እንዴት ሳይታይ እንደሚያልፍ የነጭ ሳር ወፍ ይመስክር። በ1990 ነጭ ሳር ፓርክ የገቡ ተመራማሪዎች መንገድ ላይ በመኪና የተደፈጠጠ ወፍ አገኙ፤ የሌሊት ወፍ አድርጋችሁ እንዳታስቡት፣ በሌሊት ነፍሳት እያደነ የሚበላ እውነተኛ ወፍ ነው። የተረፈው አንድ ክንፍ ነበርና እሱን ይዘው ሄዱ። በ1995 በዚያች አንድ ክንፍ ብቻ አዲስ ዝርያ ተብሎ ለሳይንስ ተመዘገበ። ከእኔ ሱቅ ሐይቁን አሻግሮ እንደሚታይ ቅርብ ቦታ! ክንፍ አለን፣ በረራ የለንም። ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ብፈልግ አላገኝም።

ብዥታን አይቶ ደግሞ የሚሳሳትም አለ። በ1990ዎቹ አንድ አሜሪካዊ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ በቪዲዮ ካሜራው ላይ ረጃጅም፣ በጎናቸው እንደ ሞገድ የሚርገበገብ ክንፍ ያላቸው በራሪ በትሮች አይቶ የማይታወቁ ፍጥረታት አገኘሁ ብሎ ዓለምን አስደነቀ። ነፍሳት ናቸው፤ ካሜራው አንዱን ፍሬም ሲቀርጽ ክንፋቸውን ደጋግመው ስለመቱ ነው የተረዘሙት። ብዥታን ማንበብ የማይችል ሰው ጭራቅ ያያል። ማንበብ የሚችል ደግሞ የክንፍ ምት ይቆጥራል። ልዩነቱ ያን ያህል ነው፤ ስለዚህ ነው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሰው ዓይኑን ያለማምድበት የምለው።

ሠዓሊዎቻችን ይህን ጉዳይ ከጨረሱት ቆይተዋል። ስክንድር ቦጎሲያን በ1964 የሳለው፣ ዛሬ ሰሜን ካሮላይና የሥነ ጥበብ ሙዚየም የሚገኘው ትልቅ ሥራ ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የፍርሃትና የደስታ የሌሊት በረራ» ይባላል። ስክንድርን «ወፉ ለምን ጥርት አላለም» ብሎ የጠየቀው ሰው ካለ ዛሬ ያፍራል። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ቀለምና ቅርጽ ብቻ ሸራ ላይ ሲያኖር አንዳንዱ አጉረመረመ፣ ዛሬ ሙዚየም በስሙ ቆሞለታል። ፎቶግራፍ ሲሆን ግን ያው ሰው፣ ያው ዓይን፣ መታወቂያ ፎቶ ይጠይቃል። ጥፋቱ የእኛ የፎቶ ቤቶቹም ይመስለኛል። ተመልካቹን «አትንቀሳቀስ፣ ቀና በል» እያልን ያሳደግነው እኛ ነን።

ያረፉትን የሚያነሱትንም አልንቅም። አሜሪካዊው ኤሜት ጎዊን የመካከለኛና የደቡብ አሜሪካን የእሳት እራቶች በሕይወት እያሉ፣ ባረፉበት፣ በረድፍ በረድፍ አስቀምጦ በ2017 ያወጣው መጽሐፍ ከማከብራቸው ሥራዎች አንዱ ነው። ከአንድ ሺህ በላይ ዝርያ! ግን ያረፉ ናቸው። እሱ ዝርዝሩን ሠርቷል፤ በረራው ለሌላ ሰው ተርፏል።

የመጀመሪያው ዝናብ ባቆመበት ማታ፣ አሸን ከመሬት ሲፈላ፣ ፎቶው ሁሉ ነጭ ይሆናል። እነሱ በዕድሜያቸው የሚበሩት ያን አንድ ማታ ነው፤ ወርደው ክንፋቸውን ጥለው ጥንድ ጥንድ ሆነው አፈር ይገባሉ። ያን ማታ ሻተሩን ከግማሽ ሴኮንድ በላይ መክፈት አይቻልም፣ ዱካ በዱካ ላይ ተደርቦ ወረቀት ይሆናል። ጋሼ ግን ነጩንም አስቀሪው አሉኝ፤ አስቀርቼዋለሁ።

እንግዲህ ለኤግዚቢሽን አዘጋጆች የምለው ይህ ነው። ትልቅ አድርጋችሁ አትሙት፤ ከአንድ ሜትር ያነሰ ከሆነ ነጥቦቹ አይቆጠሩም። የሚያብረቀርቅ ወረቀት አትጠቀሙ፣ ጥቁሩ መስታወት ይሆንና ተመልካቹ የራሱን ፊት ያያል። ማሽኑ «ሻርፕ ላድርገው» ሲል እምቢ በሉት። የበረንዳውንና የፓፓያውን አትለያዩአቸው። ከሥሩ በሚለጠፈው ወረቀት ላይ ቅኔ አትጻፉ፤ የአምፖሉን ዓይነት፣ ሻተሩ የቆየበትን ጊዜ፣ መብራቱ ከመስመር ይሁን ከጀነሬተር፣ ይህን ብቻ ጻፉ። ዋጋውን በስልክ እንነጋገራለን፤ ቅዳሜና እሑድ ግን ሠርግ ላይ ነኝ።